ወረቀት ብዬ የጠየቅሁት ሕፃን

ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ካለው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ባለቤቲቱ ሳልጠይቃት ስኳር የሌለው ሻይ ታቀርብልኛለች፤ ደንበኞቹ ጋዜጣዬን ስጨርስ ይወስዳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አንጠያየቅም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የኖርኩት በዚህ መልክ ነው። ሰዎች የተማረ ነው፣ ዝምተኛ ነው ይሉኛል። ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ቆጥረውልኛል።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በተራሮች ስለተከበበ አንድ ሐይቅ መናገር ጀመረ። ሐይቁን ገና ስሙ ሳይጠራ ከውኃው ቀለም አወቅሁት። ከገደሉ ወገብ ላይ ባለ ዋሻ ውስጥ፣ ዘመናት ያለፉባቸው፣ ደርቀው ሳይፈርሱ የቆዩ አስከሬኖች መገኘታቸውን ዜናው ተናገረ። ካሜራው ወደ ውስጥ ገባ። በቁርበት ከተጠቀለሉት መካከል በጎኗ የተኛች አንዲት ሴት ታየች፤ ጉልበቷን አጥፋለች፤ ሁለቱ ክንዶቿ ደረቷ ፊት እንደ ቅርጫት ተጠምዝዘዋል፤ በመካከላቸው ግን ምንም የለም። አንዲት ወጣት ተመራማሪ የክንዶቹ አቀማመጥ የጸሎት ሥርዓት ሊሆን እንደሚችል በትሕትና አስረዳች።

"የምን ጸሎት!" አለ ከበስተኋላዬ የተቀመጠ የሸቀጥ ደላላ። "የልብስ ቦንዳ ታቅፋ ነው የሞተችው። ይቺ የመርካቶ ደንበኛ ናት።"

ቤቱ ሳቀ። ሌላው ተቀበለው፦ "ቦንዳውን ታዲያ ማን ነጠቃት?"

"አንተ ነሃ! እጅህን እናውቀዋለን።"

ባለቤቲቱ ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ "ኧረ አፋችሁን ያዙ! ሙት ላይ አይቀለድም" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ያለውን ነገር ያጠኑ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ታቅፋ ነበር?"

"አላውቅም" አልኳት።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሴቲቱ ምን ታቅፋ እንደነበር በሕይወት ካሉት ሰዎች ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከእቅፏ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ወደዚያ ሐይቅ የወረድኩት ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የጥንት ቅርሶች አጥኚ ነበርኩ። በቅሎዎቹን ከተራራው ጫፍ ላይ ትተን፣ ከሐይቁ በላይ ወደሚገኘው ዋሻ በገመድ ነው የደረስነው። መንገዱን የመሩኝ የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ንብረት ጠባቂ የሆኑ አንድ አዛውንት ቄሰ ገበዝ ነበሩ። ከዋሻው አፍ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፤ እኔንም አስወለቁኝ፤ ከዚያ ጎረቤት ቤት እንደሚገባ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እንደምን ዋላችሁ፤ እንግዳ ይዤ መጥቻለሁ" አሉ።

ሲገቡ ሰላም ይሏቸዋል፤ ሲወጡ ይሰናበቷቸዋል። የዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

"እነማን ናቸው፣ አባታችን?" አልኳቸው።

"ሰዎች ናቸዋ፣ ልጄ። አያቴም ከዚህ በላይ አልነገሩኝም።"

ዋሻው ደረቅ ነው። ከሐይቁ ተቃራኒ ካለ ስንጥቅ ቀን ከሌት የሚነፍስ ቀዝቃዛ ነፋስ ሥጋን ሳያፈርስ አድርቆታል። የአሮጌ ቆዳና የአቧራ ሽታ ነበረው። ሴቲቱ ከመጨረሻው ጥግ ላይ ነበረች፤ የተጠቀለለችበት ቁርበት በዕድሜ ብዛት ተሰንጥቆ ክንዶቿ ይታዩ ነበር። በክንዶቿ ውስጥ ከአርባ ቀን የማይበልጠው የሚመስል ሕፃን ነበር፤ ፊቱን ወደ ጡቷ አዙሯል። የቀኝ አውራ ጣቱ ከእናቱ አውራ ጣት ጋር በአንድ የጥጥ ፈትል ታስሯል።

ቄሰ ገበዙ ጣታቸውን ሳያስነኩ አሳዩኝ። "ዛሬም እንዲሁ ነን። አራስ ከነልጇ ከሞተች አውራ ጣታቸውን በአንድ ፈትል አስረን ነው የምንገንዛቸው። እንዳይጠፋፉ።"

አንባቢ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማኝ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ፤ የተሰማኝ ደስታ ነበር። በሕይወት ያለ ልማድ ከዚያ ሁሉ ዘመን በፊት በነበሩ ሰዎች እጅ ታስሮ አየሁ። ስለዚያ ፈትል የምጽፈውን ጥናት የመጀመሪያ ገጽ እዚያው ተንበርክኬ ሳለሁ በሐሳቤ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ማስረጃውን ይዤ መመለስ ነበረብኝ። እናቲቱን በገመድ ማውጣት አይቻልም፤ ትሰባበራለች። ሕፃኑ ግን የደረቀ ሣር ያህል ነበር የሚከብደው።

የፈቃድ ደብዳቤዬን አወጣሁ፤ ማኅተሙን አሳየኋቸው። ቄሰ ገበዙ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"መቼ ትመልሰዋለህ?"

"ከፋሲካ በፊት፣ አባታችን።"

"የትኛው ፋሲካ?"

ሳቅሁ። "የሚመጣው ነዋ።"

እሳቸው አልሳቁም። ፈትሉን በምላጭ ስቆርጥ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ሕፃኑን ሳነሳው የእናቲቱ ክንዶች እንደነበሩ ቀሩ። ስንወጣ፣ "ልጇን ይዘህ እየሄድክ ነው፤ ተሰናበታት" አሉኝ። እኔ ግን ገመዱን ይዤ ነበር፤ ብርሃኑም እየቀነሰ ነበር፤ አልተሰናበትኳትም።

ሕፃኑን ከአይጥና ከነቀዝ የሚጠብቅ ሳጥን ያስፈልገኝ ስለነበር ወደ መርካቶ፣ ወደ ምን አለሽ ተራ ሄድኩ። እዚያ ከአሮጌ የዘይት በርሜልና ከእርዳታ ጣሳ ምድጃውንም ሳጥኑንም ይሠሩታል። ከአንድ የሐዲድ ቁራጭ ላይ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ አንድ ባለሙያ መረጥኩ፤ የስልጤ ሰው ነበሩ፤ የሠሩት ሳጥን መጋጠሚያው በመርፌ የተሰፋ ይመስል ነበር። "ለምንድን ነው፣ ጌታዬ?" ሲሉኝ፣ "ለወረቀት" አልኳቸው። ያኔ ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራዬን ለማያውቀው ሰው አለማስረዳት ልማዴ ስለሆነ ብቻ ነው።

በመሥሪያ ቤታችን ደንብ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ካርድ ይኖረዋል። እናቲቱ አንድ ቁጥር፣ ሕፃኑ ሌላ ቁጥር ተሰጠው። በሕፃኑ ካርድ ላይ፣ "ለማጓጓዝ እንዲያመች የተለየ" ብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩ። የተቆረጠውን ፈትል በፖስታ አድርጌ ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኩት።

ፋሲካው መጣ፤ አለፈ። ወደዚያ አገር የሚወስደው መንገድ በጦርነት ተዘጋ፤ ለጥናቱ የታሰበው ነገር ሁሉ ቀረ፤ ባልደረቦቼ ተበተኑ። ሳጥኑ ከመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ ሦስት ፋሲካ ቆየ። ከዚያ መጋዘኑን ለሌላ ክፍል ልቀቁ ተባለና፣ የሚወገድ ንብረት ዝርዝር በኮሚቴ አባላት መካከል ዞረ። ከዝርዝሩ ውስጥ "አሮጌ የቆርቆሮ ሳጥኖች፣ ባዶ" የሚል መስመር ነበር። ከእኔ በፊት ሁለት ሰዎች ፈርመዋል። የእኛ አሠራር እንዲህ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰው ንብረት ክፍሉን ያምናል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ፊርማ ያምናል፣ ሦስተኛው የሁለቱን። እኔ ሦስተኛው ነበርኩ። መጋዘኑ ከቢሮዬ በታች ሁለት ደረጃ ብቻ ነበር የሚርቀው። ሳልወርድ ፈረምኩ።

ስሰማ ሳጥኖቹ በጨረታ ተሸጠው ወደ መርካቶ ከተጫኑ ሁለት ቀን ሆኗቸው ነበር። ዕለቱኑ ወደ ምን አለሽ ተራ ሮጥኩ። መቼም የእጃቸው ሥራ ነውና ካዩት ይለዩታል ብዬ፣ በመጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሠሪው ነው። ሱቃቸው እንደ በፊቱ ነበር፤ ከኋላ በኩል ጆንያ ተጋርዷል፤ አንድ ጎልማሳ ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጦ ይቀጠቅጣል።

"ከሦስት ዓመት በፊት የሠሩልኝ ሳጥን በስሕተት ተሽጦብኝ ነበር" አልኳቸው። "ወደዚህ ተመልሶ መጥቶ ይሆን?"

መዶሻቸውን አቆሙ። "ምን ነበረበት?"

ያ ዘመን የፊርማ ስሕተት ሰውን የሚያሳስርበት ዘመን ነበር። የሰው አስከሬን ፈርሞ እንደ ብረታ ብረት ያስወገደ ሹም ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። ከፍርሃቴ በላይ ደግሞ እፍረቴ ነበር።

"ወረቀት" አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "ወረቀት ያለበት ሳጥን አልመጣልኝም፣ ጌታዬ።"

አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ተራውን ሁሉ አዳረስኩ፤ ሳጥን፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ይህን የሚያህል ሳጥን እያልኩ። ነጋዴዎቹ ሳቁብኝ። "ጋሼ፣ እዚህ እኮ ከሰው ሳጥን ይበልጣል!" አለኝ አንዱ።

ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገርኩም። ጥናቱን አልጻፍኩም፤ ወደ ሐይቁም አልተመለስኩም። ባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ኖራ ስትሞት አታውቅም ነበር፤ ከቢሮ ወደ ቤት ያመጣሁትን ፖስታ አንድ ቀን ከመሳቢያ አንስታ፣ "ይህ ክር ምንድን ነው?" ብትለኝ፣ "የሥራ ነው" ብያት ነበር። ልጅ አልነበረንም። ይህን የምጽፈው ከዚያ ጋር ላያይዘው ፈልጌ አይደለም፤ እርሷ ግን፣ ብትሰማ ኖሮ፣ ታያይዘው ነበር።

እግሬ ግን ምን አለሽ ተራን መልመዱን አልተወም። ዘወትር ቅዳሜ በዚያ አልፋለሁ። አዛውንቱ ባለሙያ ሞቱ፤ ልጃቸው ሱቁን ወረሰ፤ ዛሬ እርሱም ሽበታም ነው። ሲያየኝ ከበርሜል የተሠራ መቀመጫ ያወጣልኛል፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበቴ እናወራለን። ማን እንደሆንኩ አላስታወሰም፤ እኔም አላስታወስኩትም።

ዜናውን ካየሁ በኋላ ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ዓይኔን ስከድን ክንዶቹ ይመጡብኛል። ጸሎት ብለዋቸዋል፤ በመጽሐፍም እንዲሁ ይጻፋል፤ ከኔ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያን እያነበበ ይማራል፤ ሴትዮዋም ልጅ እንደነበራት የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አይኖርም። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ባይሆንም፣ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

"ጋሼ! ዛሬ ምን እግር ጣለዎት? ቀን ተሳሳተብዎት እንዴ?"

"ልጠይቅህ የመጣሁት ነገር አለ" አልኩት። "ድሮ፣ አባትህ በሕይወት ሳሉ፣ ከመንግሥት ጨረታ የመጣ አንድ ሳጥን ነበር። የአባትህ እጅ ሥራ ነው። ውስጡ ሕፃን ነበር።"

ሠላሳ ዓመት ያህል ያልወጣልኝ ቃል ይኸው ነበር። እንደ ማንኛውም ቃል በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

መዶሻውን ከሐዲዱ ላይ አስቀመጠ። ከፊቱ የነበረውን የምድጃ ክፈፍ ገፋ አደረገ።

"ያ ልጅ የእርስዎ ነበር?"

"የእኔ አይደለም። እኔ ነበርኩ ያመጣሁት።"

"አባቴ ገና ከጭነቱ ላይ ሳጥኑን ሲያየው እጄ ነው አለ፤ መጋጠሚያውን ያውቀዋላ። ገዝቶ ሲከፍተው..." እጁን ከአፉ ላይ አደረገ። "ልጅ። የደረቀ፣ ግን ልጅ። ጎረቤቱ ጣቢያ እናስታውቅ ሲለው፣ አባቴ፣ ሬሳ አገኘሁ ብዬ ሄጄ መመለሴን በምን አውቃለሁ አለ። ግን ልጅ የጠፋበት ሰው ዝም አይልም፣ ይመጣል፣ ሦስት ቀን እንጠብቀው አለ። በነጠላ ጠቅልሎ ከጆንያው መጋረጃ ኋላ አስቀመጠው። በሁለተኛው ቀን አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ መጣ፤ ሳጥን ጠፋኝ አለ። ምን ነበረበት ሲለው ወረቀት አለ።"

ቀና ብዬ አየሁት።

"ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሰውዬው እርስዎ ነበሩ?"

"እኔ ነበርኩ።"

"አልሃምዱሊላህ" አለ፤ ድምፁ ግን የምስጋና አልነበረም። "ልጁ እኮ ከኋላችን ነበር። ከዚህ እስከዚያ።" ከመቀመጫዬ እስከ ግድግዳው ያለውን በእጁ ለካልኝ፤ ሦስት ርምጃ ቢሆን ነው። "አባቴ እርስዎ ሲወጡ አላስቻለውም፤ ይህ ሰው ዓይኑ ወረቀት አይፈልግም አለ። ተከትዬ ልጥራው እንዴ አልኩት። ተው፣ የመንግሥት ሰው ነው፣ ደግሞም ወረቀት አለ፣ ምን ብዬ አሳየዋለሁ አለ። እስኪሞት ድረስ በዚህ ነገር ራሱን ይወቅስ ነበር። በጠራሁት ኖሮ ይል ነበር።"

ያን ዕለት በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እኔና አባቱ ሁለት የፈራን ሰዎች ነበርን፤ በመካከላችንም ሕፃኑ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለው፤ የቃሉም ባለቤት እኔ ነበርኩ።

"ከዚያስ?"

"በሦስተኛው ቀን ማታ ቀበርነው። አባቴ ሃይማኖቱን አናውቅም፣ ግን ሕፃን ነው፣ ኃጢአት የለበትም አለና ከፈን አልብሶ፣ ከመቃብራችን አንድ ጥግ ላይ አሳረፈው። በየዓመቱ ሰደቃ ያወጣለት ነበር። ለማነው ስንለው፣ ለእንግዳው ይለናል።"

በማግሥቱ አብረን ሄድን። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲ ይዘን ነው የሄድነው፤ በመንገድ ላይ ሕፃኑን ከአንድ ዋሻ ውስጥ ከሞተች እናቱ እቅፍ እንደወሰድኩት ነገርኩት። መቃብሩ ሣር በዝቶበታል፤ የቆመው ድንጋይ አንድ ብቻ ነው፤ የተጻፈበትም የአባቱ ስም ነው።

"እዚሁ ነው" አለኝ። "አባቴ ሊሞት ሲል፣ ከእንግዳው አጠገብ አድርጉኝ፣ ብቻውን ብዙ ቆየ ብሎ ተናዘዘ። ስንቆፍር ትንሽ አጥንት ነው ያገኘነው፤ እርጥብ መሬት ነው። ከአባቴ ክንድ አጠገብ አድርገን መለስንባቸው።" ከድንጋዩ ሥር ሣር ነቀለና፣ "ልውሰደው ይበሉኝና ዘመድ ሰብስቤ አስቆፍራለሁ፣ ጋሼ። የእናቱ መሆኑን አሁን አውቀናል" አለ።

በነፋስ ደርቆ ያን ሁሉ ዘመን ሳይፈርስ የቆየ ሕፃን፣ እኔ ካመጣሁት በኋላ በአንድ ሰው ዕድሜ አፈር ሆኗል። ከማን ክንድ ላይ ልለየው? እንዲህ ያለ መለያየት አንድ ጊዜ ፈጽሜአለሁ።

"አይሆንም" አልኩት። "ይተኛ።"

ከኪሴ ፖስታውን አወጣሁ። ፈትሉ ጠቁሯል፤ ርዝመቱ ከአንድ ጣት አይበልጥም። ምን እንደሆነ ነገርኩት፤ ስለ አውራ ጣቶቹም፣ ስለ ምላጩም፣ ከፋሲካ በፊት ብዬ ስለሰጠሁት ቃልም። አዳመጠኝ፤ አንዴም አላቋረጠኝም።

"እንግዲያው ለሁለቱም ያካፍሏቸው" አለ መጨረሻ ላይ። "ግማሹን እዚህ እንቅበር፤ ግማሹን ለእሷ ይላኩላት።"

ሐሳቡ ደግ ነበር። ነገር ግን ያን ፈትል ሁለተኛ መቁረጥ አልቻልኩም።

ለማን እንደሚገባ ለመወሰን ከድንጋዩ አጠገብ ብዙ ተቀመጥኩ። ሕፃኑ የሚያቅፈው ሰው አግኝቷል፤ እንግዳዬ ያለው ሰው ነበረው፤ በስሙ ሰደቃ ወጥቶለታል። እርሷ ግን ባዶ ክንዷን እንዳጠፈች የቀረችበት ዋሻ ውስጥ፣ ከእኔ በኋላ የገባ ሰው ሁሉ ምን እንደጎደላት አላወቀላትም።

ስነሣ ጫማዬን አወለቅሁ። የባለሙያው ልጅ እያየኝ ነበር፤ አልጠየቀኝም። "እንደምን ዋላችሁ" አልኩ፤ ለሁለቱም ነው። ከዚያ ተሰናበትኳቸው።

ያን ሳምንት ለተመራማሪዋ ደብዳቤ ጻፍኩ። የጻፍኩት በሥራ ዘመኔ ስጽፍበት በነበረው ዓይነት ቋንቋ ነው፤ ሌላ አላውቅም። የክንዶቹ አቀማመጥ የጸሎት እንዳልሆነ፣ ሟቿ ሕፃን ታቅፋ እንደነበረች፣ ሕፃኑን ማን፣ ለምንና በምን እንደለየው፣ በማን ፊርማ እንደጠፋ፣ ዛሬ የት እንዳለና ለምን እንደማይመለስ በተራ አስቀመጥኩ። ስሜንም ከነሙሉ ማዕረጉ ፈረምኩ። ቄሰ ገበዙ በሕይወት እንደማይኖሩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በእርሳቸው ቦታ ላለው ሰው፣ የሰጠሁትን ቃል እንዳልጠበቅሁ እንድትነግርልኝ ለመንኳት። የባለሙያው ልጅ መዳፍ የምታህል የቆርቆሮ ሳጥን ሠራልኝ፤ ፈትሉን በውስጧ አኖርኩ። ክዳኗ ላይ "ወደ እናቲቱ አውራ ጣት ይመለስ" ብዬ ጻፍኩ።

አሁንም ከበሩ በስተግራ እቀመጣለሁ። ደብዳቤው በሄደ ማግሥት ባለቤቲቱን ጠራኋትና፣ "ያን ዕለት የጠየቅሽኝ ሴትዮ ልጇን ነበር ታቅፋ የሞተችው" አልኳት።

ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። "ውይ፣ ልጅ! ታዲያ ልጇ የት ሄደ?"

ከፊቴ ያለውን ወንበር ሳብኩላት፤ ተቀመጠች፤ ነገርኳት።